የደረቀ የመኪና ወንበር ቆዳ፦ ከማለስለስ በፊት መንስኤን ስለመለየት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ደርቆ የጠነከረ አሮጌ የመኪና ወንበር ቆዳ ሲያጋጥም በተለምዶ የሚወሰደው እርምጃ ቅባት መቀባት ነው። ይህ ጽሑፍ ድርቀት ራሱን የቻለ ጉዳት ሳይሆን ቢያንስ አራት የተለያዩ ሂደቶች የሚጋሩት ምልክት መሆኑን ያሳያል። እነርሱም የእርጥበትና የቅባት መጓደል፣ የላይኛው ልባስ መጠንከር፣ በሙቀት የሚደርስ የኮላጅን መኮማተር፣ እንዲሁም ኬሚካላዊ ብስባሴ ናቸው። ከአራቱ መካከል የቆዳውን ቃጫ በማለስለስ ሊሻሻል የሚችለው የመጀመሪያው ነው፤ በቀሩት ላይ ውሃ፣ ሙቀትና ቅባት ያለ ምርመራ ቢውሉ ጉዳቱን ወደማይመለስበት ደረጃ ሊያደርሱት ይችላሉ። ስለዚህ የጽሑፉ ዋና ነጥብ ምርመራ ከሕክምና መቅደም እንዳለበት ማስረዳት ነው። ማሳያዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ከተሠሩ መኪኖች ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቆዳ፣ ኮላጅን፣ የመኮማተሪያ ሙቀት፣ ልባስ፣ ቅባት፣ ጥበቃና እድሳት

1. መግቢያ

የአማርኛ ቋንቋ የቆዳን ባሕርይ በቃላቱ ለይቶ ያስቀምጣል። ቁርበት ከእንስሳው ተገፎ የደረቀ፣ ነገር ግን ያልለፋ ነው፤ ጠፍርም ከዚያው ከጥሬው ተተልትሎ የሚወጣ ማሰሪያ ነው። ቆዳ ለፋ የሚባለው ግን ታሽቶ፣ ተረግጦና ቅባት ጠጥቶ ባሕርዩ ሲለወጥ ነው። ደረቅ ቁርበት በውሃ ቢነከር ይለሰልሳል፤ ውሃው ሲለቀው ግን ተመልሶ እንደ ጣውላ ይገተራል። የለፋ ቆዳ እርጥበቱ ቢቀንስም መታጠፍ አይሳነውም። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ለሚቀርበው ሐተታ መነሻ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌ የመኪና ወንበር ሲደርቅ ተመራማሪው የሚጠይቀው ቀዳሚ ጥያቄ «የለፋው ቆዳ ልፋቱን አጥቷል ወይስ እርጥበቱን ብቻ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተግባራዊ ክብደት አለው። በርካታ ጥንታዊ መኪኖች ዛሬ እንደ ቅርስ ይጠበቃሉ፤ የወንበራቸው ቆዳም በጊዜው የነበረውን የማልፋት ዘዴ፣ የስፌት ስልትና የቀለም አሠራር የሚመሰክር ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 በሎንደን ተቋቁሞ እስከ 2002 ድረስ የቆየው የኮኖሊ ወንድማማቾች ድርጅት ለሮልስ ሮይስና ለጃጓር መኪኖች ቆዳ ያቀርብ ነበር። የዚያ ዘመን ቆዳ በስህተት ሕክምና ከጠፋ በዚያው ሊተካ አይችልም። በአዲስ ቆዳ የተለበጠ ወንበር ለመቀመጥ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃነቱ ግን አብሮ ይወገዳል።

2. የለፋ ቆዳ የልስላሴ ምንጭ

የቆዳ ዋና ሕንጻ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። አንዱ የኮላጅን ሞለኪውል እርስ በርስ የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች ያሉት ሲሆን ርዝመቱ 300 ናኖ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ሞለኪውሎቹ ተደርድረው ጥቃቅን ክሮችን፣ ክሮቹም ቃጫዎችን፣ ቃጫዎቹም በዓይን የሚታየውን ጥልፍልፍ መረብ ይሠራሉ። ቆዳ የሚታጠፈው እነዚህ ቃጫዎች አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ስለሚችሉ ነው። መንሸራተቱ ከቆመ፣ ቃጫው ራሱ ሳይበጠስ ቆዳው ይገተራል።

በፋብሪካ ውስጥ ለዚህ መንሸራተት ሁለት ሥራዎች ይሠራሉ። የመጀመሪያው ማልፋት ነው፤ ታኒን ወይም ክሮም በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ ሕንጻውን ከሙቀትና ከብስባሴ ይከላከላል። ከዕፀዋት ልጥና ቅጠል በሚገኝ ታኒን ማልፋት ጥንታዊ ነው። በክሮም ማልፋት ግን አውጉስቱስ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ ከተሰጠው የፈጠራ መብት በኋላ የተስፋፋ ነው። ሁለተኛው ሥራ ቅባት ማስገባት ነው። ከውሃ ጋር እንዲዋሐድ የተዘጋጀ ዘይት ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይጨመርበታል። ዘይቱ ከውሃው ጋር እስከ ቃጫዎቹ ዘልቆ ይለብሳቸዋል፤ በኋላ ውሃው ሲወጣ ቃጫዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ከዚህ አንድ መሠረታዊ ሐቅ ይገኛል። ቅባቱ ሥራውን የሚሠራው ከመድረቅ በፊት በመግባቱ ነው። መኪና ውስጥ ተወጥሮ፣ ተሰፍቶና በልባስ ተሸፍኖ የሚገኝን ቆዳ ከላይ መቀባት ይህን ሂደት አይደግመውም።

3. አራቱ የድርቀት መንስኤዎች

3.1 የእርጥበትና የቅባት መጓደል። ቆዳ በመካከለኛ የአየር እርጥበት ውስጥ ሲቀመጥ ከክብደቱ ከ12 እስከ 18 በመቶ የሚሆን ውሃ ይይዛል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን የወንበሩ ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ በየቀኑ የሚደጋገመው ይህ ሙቀት ውሃውን ያሳድዳል፤ የቅባቱንም ቀላል ክፍል ያተናል። የተነነው ቅባት በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ጭጋግ ሲያርፍ ይታያል። የመኪና ቆዳ አምራቾች ይህን ጠባይ የሚለኩበት ዲአይኤን 75201 የተባለ የጀርመን መለኪያም አለ። መጓደሉ ገና ቀላል ከሆነ ቃጫዎቹ ደህና ናቸው፤ የጎደላቸው ማንሸራተቻ ብቻ ነው። ድርቀቱ ለዓመታት ከዘለቀ ግን ቃጫዎቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ውሃና ቅባት ቢመለሱም ልስላሴው በከፊል ብቻ ይመለሳል።

3.2 የልባስ መጠንከር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ የወንበር ቆዳዎች በናይትሮሴሉሎስ ቀለም ይለበሱ ነበር። ይህ ልባስ እንዲታጠፍ የሚያደርጉት ማለስለሻዎች ከጊዜ ጋር ሲወጡ እንደ ደረቅ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በዚህ ጊዜ ቆዳው የደረቀ ይመስላል፤ የደረቀው ግን ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው። ከሥጋው ወገን ሲነካ ልዩነቱ ይታወቃል።

3.3 በሙቀት መኮማተር። ኮላጅን በውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲሞቅ በተወሰነ ነጥብ ላይ የተገመዱት ሰንሰለቶች ይፈታሉ፤ ቆዳውም በድንገት ይሰበሰባል። ይህ ነጥብ የመኮማተሪያ ሙቀት ይባላል። ለጥሬ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ፣ በዕፀዋት ለለፋ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ፣ በክሮም ለለፋ ደግሞ 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። የተኮማተረ ቆዳ ሲደርቅ ቀንድ መሰል ይሆናል። ይህ ለውጥ የሕንጻው መፍረስ ስለሆነ በየትኛውም ቅባት አይመለስም።

3.4 ኬሚካላዊ ብስባሴ። በዕፀዋት የለፋ ቆዳ ከአየር የድኝ ኦክሳይድን ይስባል፤ በውስጡም አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ የኮላጅኑን ሰንሰለት ይቆራርጣል፤ ኦክስጅንና ብርሃንም በበኩላቸው ያግዙታል። የመጨረሻው ደረጃ ቀይ ብስባሴ ይባላል፤ ቆዳው ሲታሽ እንደ ሸክላ ብናኝ ቀይ ዱቄት ይለቃል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ቆዳ ፒኤች ከ3 በታች ሊወርድ ይችላል።

አራተኛው መንስኤ ሦስተኛውን ያቀርባል። ሰንሰለቱ የተቆራረጠ ኮላጅን የመኮማተሪያ ሙቀቱ ስለሚወርድ፣ አዲስ ሳለ 80 ዲግሪ ይችል የነበረ ቆዳ ሲያረጅ ወደ 40 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ይህ ማለት በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ወይም ረጥቦ ፀሐይ ላይ የተተወ ወንበር ለጥፋት ይበቃል ማለት ነው። ደረቅ ቆዳ ከእርጥብ ቆዳ የበለጠ ሙቀት ይችላል። «አርጥቦ፣ ቀብቶ፣ ፀሐይ ላይ ማቆየት» የሚለው የተለመደ ምክር አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቆዳውን በደረቅነቱ ያተረፈውን መከላከያ በመጀመሪያ ያነሣና ከዚያ ለሙቀት ያጋልጠዋል።

4. የቅባት ልማድ ከታሪክ አንጻር

የቆዳ ብስባሴ ከአየር ብክለት ጋር መያያዙ የታወቀው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ማይክል ፋራዴይ በሎንደን የሚገኝ አንድ ክበብ የቆዳ ዕቃዎች መበላሸት ከጋዝ መብራት በሚወጡ የድኝ ውህዶች የመጣ መሆኑን አመለከተ። በ1901 የወጣው የእንግሊዝ የአርትስ ማኅበር የኮሚቴ ዘገባ ደግሞ የታኒኑ ዓይነት ለውጥ እንደሚያመጣ አሳየ፤ በሱማክ የለፋ ቆዳ በሌሎች አንዳንድ ታኒኖች ከለፋው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው።

ይህ እውቀት ቢኖርም በቤተ መጻሕፍትና በሙዚየሞች የቀጠለው ልማድ ቅባት መቀባት ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየም ቅባት በመባል የሚታወቀው የላኖሊን፣ የዝግባ ዘይትና የንብ ሰም ድብልቅ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሰፊው አገልግሏል። በኋላ የተገኘው ልምድ ግን ቅባቱ የአሲዱን ሥራ እንደማያስቆም አረጋገጠ። ከዚህም በላይ ገጹን ያጠቁራል፤ አቧራ ይይዛል፤ አንዳንዴም ነጭ ብናኝ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የጥበቃ ባለሙያዎች ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለታሪካዊ ቆዳ መደበኛ ቅባት መቀባትን ትተዋል።

የቅባቱ ዓይነትም በራሱ ይወስናል። ዘይት ከኦክስጅን ጋር ለመዋሐድ ያለው ዝንባሌ በአዮዲን ቁጥሩ ይገመታል። የተልባ ዘይት ቁጥር ከ170 እስከ 200 ስለሆነ አየር ሲያገኝ ይረጋል፤ ለቀለም ቅቦች የሚመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። በቆዳ ውስጥ ሲረጋ ግን ቃጫዎቹን እንደ ሙጫ ያጣብቃል። የኑግ ዘይትም ሊኖሌይክ አሲድ የበዛበት በመሆኑ ለተመሳሳይ ሥራ አይመረጥም። የጉሎ ዘይት ቁጥሩ ከ82 እስከ 90 ነውና አይረጋም፤ ሆኖም ወፍራም በመሆኑ ወደ ውስጥ በቀላሉ አይዘልቅም። ቅቤ ለባህላዊ የቆዳ ሥራ ያገለገለው ቆዳው ገና ሲታሽና ሲለፋ ነው፤ ልባስ ባለው አሮጌ ወንበር ላይ ሲቀባ ግን ከላይ ቀርቶ ይሻግታል።

በክሮም የለፋ ቆዳ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆዳው የሚይዘው ክሮም ሦስት ነው፤ ይህም እምብዛም ጎጂ አይደለም። ሙቀት፣ አልትራቫዮሌት ጨረርና በኦክስጅን የሚጠቁ ያልተሞሉ ቅባቶች ሲገናኙ ግን ከፊሉ ወደ ክሮም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። ክሮም ስድስት የቆዳ አለርጂ የሚያስነሣና ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ውህድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2015 ጀምሮ የሰውን ገላ በሚነኩ የቆዳ ውጤቶች ላይ ከ3 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ተገቢ ያልሆነ ዘይት መምረጥ የዕቃው ብቻ ሳይሆን የሠሪውና የተቀማጩም የጤና ጉዳይ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያም ይሠራል። መኪኖች በአገሪቱ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላሉ፤ ከፍታው በጨመረ በ1,000 ሜትር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደጅ የሚያድር ወንበር የሚደርስበት የብርሃን ጫና ቀላል አይደለም።

5. የምርመራ ቅደም ተከተል

ምርመራው የሚጀምረው የሚመረመረው ነገር ቆዳ መሆኑን በማረጋገጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 መመረት የጀመረው ጃጓር ማርክ 2 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመስከረም 1966 ጀምሮ አምብላ የተባለ ሰው ሠራሽ ልብስ መደበኛ የወንበር መሸፈኛው ሆኗል። ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ መኪኖችም ቢሆን ቆዳ የሚለብሰው ተቀማጩን የሚነካው ክፍል ሲሆን ጎንና ጀርባው ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። በተገለጠ ጠርዝ ላይ የሥጋው ወገን ቃጫ ካልታየና በምትኩ የጨርቅ ድር ከታየ ዕቃው ቆዳ አይደለም።

ቀጥሎ የማልፊያው ዓይነት ይለያል። ከስፌት ሥር በተቆረጠ ጠርዝ ላይ መካከሉ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ ቆዳው በክሮም የለፋ መሆኑን ያመለክታል፤ እስከ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ደግሞ በዕፀዋት የለፋ መሆኑን። ኢምንት ቁራጭ ሲቃጠል አረንጓዴ ቅላጼ ያለው አመድ መቅረቱ የክሮምን መኖር ያጠናክራል። የሁለቱ ድብልቅ የሆነ አሠራርም ስላለ በአንድ ምልክት ብቻ መደምደም አይገባም።

ሦስተኛው ድርቀቱ የት እንዳለ መለየት ነው። ስንጥቁ በ10 እጥፍ ማጉያ ሲታይ በልባሱ ላይ ብቻ ከቀረና ከሥሩ ያለው ቃጫ ከታጠፈ መንስኤው ሁለተኛው ነው። ቃጫው ሲነካ ዱቄት ከሆነ አራተኛው ነው። በማይታይ ቦታ አንዲት የውሃ ጠብታ ማሳረፍም ብዙ ትናገራለች። ጠብታዋ ክብ ሆና ከቆየች ልባሱ አልተበሳም፤ ስለዚህም ከላይ የሚቀባ ቅባት አይገባም። ፈጥና ሰርጋ ሥፍራው ከጠቆረና ሲደርቅ ከተገተረ ኮላጅኑ ተጎድቷል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ያለበት ማናቸውም ሕክምና መቆም አለበት።

አራተኛውና ወሳኙ የመኮማተሪያ ሙቀት ነው። ከሥጋው ወገን የተወሰዱ ጥቂት ቃጫዎች በውሃ ውስጥ ሆነው በማይክሮስኮፕ ሥር በየደቂቃው 2 ዲግሪ ያህል እየተጨመረ ይሞቃሉ፤ መንቀሳቀስ የጀመሩበት ነጥብም ይመዘገባል። ከሚሊ ግራም በታች ናሙና ስለሚበቃው ዕቃውን አይጎዳም። ይህን መለኪያ ለማካሄድ ማሞቂያ መድረክ ያለው ማይክሮስኮፕ በቂ በመሆኑ በአብዛኛዎቹ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች የሚቻል ሥራ ነው።

6. የማለስለስ ሥራና ወሰኑ

ምርመራው የመጀመሪያውን መንስኤ ካመለከተ ማለስለስ ይቻላል። በቅድሚያ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል። ቆዳ በባሕርዩ አሲዳማ ስለሆነ ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 የሚደርሰው ተራ ሳሙና አይስማማውም፤ ገለልተኛ ወይም ጥቂት አሲዳማ የሆነ ማጽጃ በተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። ከዚያ የወንበሩ ልብስ ከክፈፉ ይፈታል። ይህ አድካሚ ቢሆንም ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛ፣ የጠነከረው ቆዳ በተወጠረበት ሳለ ሲታሽ ከስፌቱ እንዳይቀደድ ያደርጋል፤ ሁለተኛ፣ ልባስ የሌለውን የሥጋ ወገን ይገልጣል።

እርጥበት የሚመለሰው በመንከር አይደለም። ልብሱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንጻራዊ እርጥበቱ በየቀኑ በጥቂቱ ከፍ እየተደረገ እንዲጠጣ ይተዋል፤ ሻጋታ እንዳይነሣም ይጠበቃል። ከዚያ ከውሃ ጋር የተዋሐደ፣ የማይረጋ ቅባት በስሱ ከሥጋው ወገን ይቀባል። ቆዳው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲደርቅ በመዳፍ ሳይታክቱ ማሸት ያስፈልጋል፤ የተጣበቁ ቃጫዎችን የሚያላቅቀው ከቅባቱ ይልቅ ይህ እንቅስቃሴ ነው። «ለፋ» የሚለው ቃል ድካምንም የቆዳ ልስላሴንም መያዙ ከዚህ ሥራ ጋር ይስማማል። አንድ ዙር ካለቀ በኋላ ለውጡ ይመዘናል፤ ሁለተኛው ዙር ካለፈው ያነሰ ለውጥ ካመጣ ሥራው ይቆማል። ቅባት መጨመር ከዚያ ወዲያ የሚያተርፈው ክብደትና ጥቁረት ነው።

መንስኤው ሁለተኛው ከሆነ ሥራው የልባስ እንጂ የቆዳ አይደለም፤ የተሰነጠቀውን ልባስ ማረጋጋት ወይም በሚታጠፍ አዲስ ልባስ መተካት ይበቃል። አሮጌ ልባስ መፋቅ የግድ ከሆነም ብናኙ እንዳይተነፈስ የአፍንጫ መሸፈኛና አየር ማስወጫ ያስፈልጋሉ።

በሦስተኛውና በአራተኛው መንስኤ ግቡ ይለወጣል። የተኮማተረውን ክፍል ማለስለስ ስለማይቻል ከሥሩ በስስ ጨርቅ መደገፍ፣ ዱቄት የሚለቀውን ውሃ በሌለበት ማጠናከሪያ ማርጋት፣ ከብርሃንና ከሙቀት ማራቅ ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ወንበር ሊታይ እንጂ ሊቀመጡበት አይገባም። ባለቤቱ መኪናውን መንዳት ከፈለገ ተገቢው መፍትሔ ጥንታዊውን ልብስ አውጥቶ ማስቀመጥና በተመሳሳይ ስፌት የተሠራ አዲስ ልብስ ማልበስ ነው። ይህ ምርጫ ማስረጃውንም አገልግሎቱንም ያድናል፤ አሮጌውን ቆዳ በግድ አለስልሶ ለመቀመጥ መሞከር ግን ሁለቱንም ለአደጋ ያጋልጣል።

7. ማጠቃለያ

የአሮጌ የመኪና ወንበር ቆዳ ድርቀት አንድ ስም ያላቸው አራት ጉዳቶች መገለጫ ነው። እርጥበትና ቅባት ያነሰው ቆዳ በትዕግሥት ሊለሰልስ ይችላል፤ ልባሱ የጠነከረው ልባሱ ሊታደስለት ይችላል፤ የተኮማተረውና የበሰበሰው ግን ከመጠበቅ በቀር መመለሻ የላቸውም። አደጋው አራቱም ከሩቅ ሲታዩ መመሳሰላቸውና ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ማጥፊያ መሆኑ ነው። ለዚህ መፍትሔው አዲስ ቅባት መፈለግ አይደለም፤ በጠርዝ ላይ ያለ ቀለምን፣ የአንዲት ጠብታ ውሃን ጠባይና የጥቂት ቃጫዎችን የመኮማተሪያ ሙቀት ማንበብ ነው። እነዚህ ምርመራዎች ጥቂት ሰዓታት የሚጠይቁና በቀላል መሣሪያ የሚከናወኑ ናቸው። የሚያድኑት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በማናቸውም ዋጋ የማይገኝ ነገር ነው።